የጋሼን ደም ማንም አልጠየቀውም

ለልብ ሕክምና መመሪያ ለምታወጡ፣ መመሪያውን ለምታጸድቁ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ስቴንት ለገባላቸው ሰዎች ቤተሰቦች፤

ጤና ይስጥልኝ።

ሐኪም አይደለሁም። የታማሚ እህት ነኝ። ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። በ46 ዓመቱ፣ አንድ ጠዋት ልብሱን እየለበሰ ሳለ ደረቱን አንዳች ነገር ተጫነው። ላብ አጠመቀው። ጨጓራ መስሎት ጋደም አለ። ግራ እጁና መንጋጋው ሲደነዝዝ ነው የጠራን። ሆስፒታል ስንደርስ ሃርት አታክ ነው ተባልን። ለልቡ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ተዘግቶ ነበር። ከፍተው ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት መረብ፣ አስገቡለት። በአራተኛው ቀን ቤቱ ገባ። ደም እንዳይረጋ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ለጨጓራው ደግሞ ኦሜፕራዞል ታዘዘለት።

እማዬ ክኒኖቹን በእጇ ትቆጥር ነበር። አንድም አልተዘለለም።

በ19ኛው ቀን ስቴንቱ ውስጥ ደም ረጋ። ያው ቧንቧ እንደገና ተዘጋ።

ጋሼ በሕይወት አለ፣ ተመስገን። ግን ከልቡ ጡንቻ ከፊሉ ሞቷል። አሁን አንድ ፎቅ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ቆም ብሎ ይተነፍሳል። የዘረ-መል ምርመራ የታዘዘለት በሁለተኛው ጊዜ ነው። ያዘዘችለትም አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ውጤቱ ሲመጣ የጋሼ ጉበት ክሎፒዶግሬልን በቅጡ ወደሚሠራ መድኃኒት መለወጥ እንደማይችል ታወቀ። ለ19 ቀን ስንቆጥርለት የከረምነው ክኒን ለእሱ ከሞላ ጎደል ባዶ ነበር ማለት ነው።

በእነዚያ ቀናት መሀል እኔም አንድ ምርመራ አድርጌ ነበር። የወንድሜ ነገር አስደንግጦኝ፣ ማስታወቂያ አይቼ፣ ምራቄን በብልቃጥ ልኬ ነው። ሐኪም አላዘዘልኝም። ውጤቱ በቀይ ቀለም ተጽፎ መጣ። የፕላትሌት ዘረ-መልሽ ልዩ ዓይነት ነው፣ ለሃርት አታክ ያለሽ ስጋት ከፍተኛ ነው ይላል። ሁለት ወር እንቅልፍ አጣሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለነዚህ ሁለት ምርመራዎች ነው። የእኔ ምንም አልጠቀመኝም፣ ግን ቤቴ ድረስ መጥቶ ተሸጠልኝ። የጋሼ መድኃኒቱን ያስቀይርለት ነበር፣ ግን መኖሩን እንኳ የነገረን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ያቺ ወጣት ሐኪምም ትዕግሥቷ ብዙ ነው፣ ወረቀት አውጥታ እየሳለች አስረዳችኝ። የተረዳሁትን ልንገራችሁ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ቤተሰቦች ግን ያንብቡት።

ፕላትሌት በደማችን ውስጥ ካሉት ሕዋሶች ሁሉ ትንሿ ናት። እንዲያውም ሙሉ ሕዋስ አይደለችም። መቅኔ ውስጥ ካለ ግዙፍ ሕዋስ ተቆርሳ የምትወጣ ቁራሽ ናት። ኒውክሊየስ የላትም። ዕድሜዋም ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። በጤናማ ሰው አንዲት ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ። ሥራቸውን በደንብ ያስረዳው ጁሊዮ ቢዞዜሮ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ነው፣ በ1882። ደም ሥር ሲቀደድ ቀድመው ደርሰው ቀዳዳውን የሚደፍኑት እነሱ ናቸው።

አደፋፈናቸው ይገርማል። የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ሲቀደድ ከሥሩ ያለው ኮላጅን ይገለጣል። ፕላትሌቷ እዚያ ላይ ትለጠፋለች። ከተለጠፈች በኋላ ሌሎቹን ትጠራለች። አንደኛው ጥሪዋ ትሮምቦክሴን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሌላው ኤ.ዲ.ፒ. ይባላል። ጥሪውን የሰሙት ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፣ ገላቸው ላይ ያሉትን መያዣዎች ይከፍታሉ፣ ፋይብሪኖጅን በሚባል ፕሮቲን አማካይነት እርስ በርስ ይያያዛሉ። አንዲት ፕላትሌት ላይ 80,000 ያህል እንዲህ ያሉ መያዣዎች አሉ።

ችግሩ ፕላትሌት የቆሰለ ጣትንና የቆሰለ የልብ ቧንቧን ለይታ አለማወቋ ነው። በልብ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ዓመታት የፈጀ ስብ ተጋግሮ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ለፕላትሌቷ ይሄ ቁስል ነው። ትደፍነዋለች። ቧንቧው ግን ጠባብ ስለሆነ ስትደፍነው ይዘጋል። የረጋው ደም የሃርት አታክ መነሻ ነው ወይስ ውጤቱ የሚለው ብዙ ያከራከረ ጥያቄ ነበር። በ1980 የታተመ ጥናት ግን ታማሚዎችን ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ውስጥ በኤክስሬይ ሲመለከት፣ 87 በመቶ በሚሆኑት ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ አገኘው።

አስፕሪን ልብን የሚረዳው እዚህ ላይ ገብቶ ነው። የትሮምቦክሴኑን ጥሪ ያፍናል። ፕላትሌቷ ኒውክሊየስ ስለሌላት የተበላሸባትን ኢንዛይም መልሳ መሥራት አትችልም፣ እስክትሞት ድረስ እንደታፈነች ትቀራለች። አንዲት ትንሽ ክኒን ለቀን የምትበቃው ለዚህ ነው። በ1988 የታተመውና 17,187 ታማሚዎችን ያካተተው ጥናት አስፕሪን በመጀመሪያዎቹ 5 ሳምንታት በልብና በደም ሥር ምክንያት የሚመጣውን ሞት በ23 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ክሎፒዶግሬል ደግሞ ሁለተኛውን ጥሪ፣ የኤ.ዲ.ፒ.ን፣ ያፍናል። ስቴንት የገባለት ሰው ሁለቱንም የሚወስደው ባዕድ ብረት ቧንቧው ውስጥ ስለተቀመጠ ነው። የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን አድጎ ብረቱን እስኪያለብሰው ድረስ ሁለቱም ጥሪዎች መታፈን አለባቸው።

አሁን ወደ ዘር ልምጣ።

የሁላችንም ፕላትሌት አንድ አይደለም። የአንዱ ብዙ ነው፣ የሌላው ጥቂት። የአንዱ ተለቅ ያለ ነው። የአንዱ ቶሎ ይያያዛል፣ የሌላው ይዘገያል። ከዚህ ብዙው ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው። በ2011 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ66,000 በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ ከፕላትሌት ቁጥርና መጠን ጋር የተያያዙ 68 የዘረ-መል ሥፍራዎችን ለይቷል። ስልሳ ስምንት! የእያንዳንዱ ድርሻ ግን ትንሽ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ለእኔ በቀይ የተጻፈልኝ ዓይነት ፒ.ኤል.ኤ.2 ይባላል። ቅድም ካልኳቸው መያዣዎች በአንዱ ፕሮቲን ላይ፣ 33ኛው ቦታ ላይ፣ ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በፕሮሊን ተተክቷል። በቃ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። በ1996 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 71 የልብ ታማሚዎችን ከ68 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ፒ.ኤል.ኤ.2 ከታማሚዎቹ በ39.4 በመቶው ላይ ተገኘ። ከሌሎቹ በ19.1 በመቶው ላይ ብቻ ነው የተገኘው። ዕድሜያቸው ከ60 በታች በሆኑት ደግሞ ልዩነቱ ጎልቶ ታየ፣ 50 በመቶ ለ13.9። ይህን ያነበበ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እኔም ደንግጫለሁ።

ግን ሰዎቹን ቁጠሯቸው። 71 እና 68 ናቸው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1997፣ ሌላ ጥናት ወጣ። ይሄኛው ለዓመታት ሲከታተላቸው ከቆየ ወደ 15,000 የሚጠጉ ወንድ ሐኪሞች መካከል የታመሙትን ካልታመሙት ጋር አነጻጸረ። በፒ.ኤል.ኤ.2 እና በሃርት አታክ መካከል ግንኙነት አላገኘም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥናቶች መጡ። አንዱ አለ ሲል ሌላው የለም አለ። ሁሉንም አንድ ላይ ደምረው ያዩት ደግሞ ኖረም ቢባል ትንሽ ነው አሉ። አንድን ሰው አንቺ ትታመሚያለሽ፣ አንተ አትታመምም ብሎ ለመለየት የሚበቃ ነገር አይደለም።

ታዲያ እኔ በቀይ ቀለም "ከፍተኛ ስጋት" የተባልኩት በምን ሒሳብ ነው? የ1996ቱ ቁጥር ወረቀቴ ላይ አለ። የ1997ቱ የለም። ይሄ ያናድደኛል። የመጀመሪያዎቹን ተመራማሪዎች አልወቅስም። እነሱ ያዩትን ጻፉ፣ ሌሎች ሲፈትሹት አልጸና አለ፣ ሳይንስ የሚሄደው እንዲህ ነው። የምወቅሰው ግማሹን ታሪክ ቆርጦ ለፈራ ሰው የሚሸጠውን ነው። ይህ ሲሆን ዝም የሚሉትንም እወቅሳለሁ።

የጋሼ ግን ሌላ ነው።

በጋሼ ላይ የተገኘው ዘረ-መል የፕላትሌት እንኳ አይደለም፣ የጉበት ነው። ሲ.ዋይ.ፒ.2ሲ19 ይባላል። ክሎፒዶግሬል ሲዋጥ ገና መድኃኒት አልሆነም። ጉበት ሠርቶ ነው መድኃኒት የሚያደርገው። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ከዘረ-መሉ ከተበላሸ ክኒኑ ሆድ ይገባል እንጂ ፕላትሌቷ ጋ አይደርስም። ከሁለቱ ወላጆች ከአንዱ የተበላሸ የዘረ-መል ቅጂ የወሰዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከአውሮፓ ዘር ከሆኑት ከሩብ በላይ፣ ከምሥራቅ እስያ ከሆኑት ደግሞ ከግማሽ በላይ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ቅጂ አላቸው። እንደ ጋሼ ሁለቱንም የተበላሸ የወረሱት ያንሳሉ፣ ግን ብርቅ አይደሉም።

በ2010 ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ አምስት ታማሚዎችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ታተመ። ብዙዎቹ ስቴንት የገባላቸው ናቸው። ክሎፒዶግሬል እየወሰዱ አንድ የተበላሸ ቅጂ ያላቸው ሰዎች ስቴንታቸው ውስጥ ደም የመርጋቱ ዕድል በ2.67 እጥፍ ከፍ ብሎ ታየ። ሁለት ቅጂ ያላቸው ደግሞ በ3.97 እጥፍ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ክሎፒዶግሬል ላይ በሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። በመድኃኒት ወረቀት ላይ ከዚያ የከበደ ማስጠንቀቂያ የለም። በጋሼ ካርቶን ውስጥ የነበረውን ወረቀት በኋላ ገልጬ አየሁት። ተጽፏል። በደቃቅ ፊደል፣ ሦስቴ በታጠፈ ወረቀት ላይ።

ኦሜፕራዞልም ይኼንኑ ኢንዛይም ያዳክማል። ያው መሥሪያ ቤት ሁለቱ አብረው እንዳይወሰዱ መክሯል። ጋሼ ሁለቱንም ነበር የሚወስደው፣ ያውም ከአንድ ማዘዣ።

ሐኪሟ ሐቀኛ ናት። "ስቴንቱ የተዘጋው በዚህ ነው ብዬ መማል አልችልም" አለችኝ። ስቴንት በብዙ ምክንያት ይዘጋል። በደንብ ሳይነፋ ሊቀር ይችላል፣ ቧንቧው ጠባብ ሊሆን ይችላል። እኔም አልምልም። የምለው አንድ ነገር ነው። ሊወገድ የሚችል አንድ ስጋት ነበር፣ ሳይወገድ ቀረ።

ምርመራውን ሁሉም አይደግፈውም፣ አውቃለሁ። ምክንያታችሁንም አንብቤአለሁ። በ2020 የታተመው 5,302 ታማሚዎች ያሉበት ጥናት የሚፈለገውን ማስረጃ ለጥቂት አጣው። የተበላሸ ቅጂ ካላቸው መካከል፣ በዘረ-መል ምርመራ ከታከሙት ችግር የገጠማቸው 4.0 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ደግሞ 5.9 በመቶ ነበሩ። በስታቲስቲክስ ሚዛን ግን አልበቃም። እሺ። ከዚያ በፊት በ2019 የወጣው የ2,488 ታማሚዎች ጥናት ግን ሌላ ጥቅም አሳይቷል። ምርመራው ክሎፒዶግሬል ይሠራላቸዋል ያላቸው ሰዎች ያለ ተጨማሪ ስጋት ወደ እሱ ተዛወሩ፣ መድማቱም ቀነሰላቸው። ስለዚህ ምርመራው ሁለት ወገን ይጠቅማል። ቲካግሬሎር ወይም ፕራሱግሬል የሚያስፈልገውን ይለያል። እነዚህ ጠንካራ መድኃኒቶች በከንቱ የሚያደሙትንም ይለያል።

"ለሁሉም ሰው አይደረግ" ማለት አንድ ነገር ነው። "ለማንም አይነገር" ማለት ሌላ ነው። በመካከል ሰፊ ቦታ አለ። በወጣትነቱ የታመመ፣ በዋናው ቧንቧ ላይ ስቴንት የገባለት፣ ክሎፒዶግሬል እየወሰደ ደሙ የረጋበት ሰው እዚያ መካከል ነው ያለው። ዘረ-መል እንደ ደም ግፊት በየቀኑ አይለዋወጥም። አንዴ ከተመረመረ ለዕድሜ ልክ ይበቃል።

ሌላም ልበል፣ ከመንገዴ ባወጣኝም። ይህ ሁሉ እውቀት ከማን ደም ነው የተሰበሰበው? በ2016 የተደረገ ቆጠራ፣ በዓለም ላይ በትላልቅ የዘረ-መል ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 81 በመቶዎቹ የአውሮፓ ዘር ያላቸው መሆናቸውን አሳየ። የአፍሪካ ዘር ያላቸው 3 በመቶ ነበሩ። ይህ ባዶ ቁጥር አይደለም። ፓር4 የሚባል የፕላትሌት ተቀባይ አለ፣ ደም ሲረጋ የሚፈጠረውን ትሮምቢን የሚሰማው እሱ ነው። ፕላትሌትን ይበልጥ የሚያስቆጣ አንድ ዓይነት አለው። በ2014 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህን ዓይነት ከጥቁሮቹ ቅጂዎች በ63 በመቶው፣ ከነጮቹ በ19 በመቶው ላይ አገኘው። የአፍሪካ ዘር ባላቸው ዘንድ የሚበዛ ልዩነት ነው እንግዲህ። በሃርት አታክ ላይ ያለው ድርሻ ምን ያህል ነው፣ የትኛው መድኃኒት ይሻለዋል የሚለውን ለመመለስ እኛ የሌለንበት ጥናት አይበቃም። ገንዘብ የምትመድቡ ሰዎች ይህን እዩልኝ። የእኛም ደም ይጠየቅ።

ቤተሰቦች ሆይ፣ ለእናንተ ደግሞ።

ይህን አንብባችሁ ክኒን እንዳታቋርጡ። እባካችሁ! ስቴንት ከገባ በኋላ ክሎፒዶግሬልን በራስ ውሳኔ ማቆም ራሱ ስቴንት ሊዘጋ ይችላል። ለብዙ ሰው መድኃኒቱ ይሠራል። ሐኪማችሁን ግን ጠይቁ። ዘረ-መሉ ይታይ ወይ? የጨጓራ መድኃኒቱስ ከዚህ ጋር ይሄዳል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። እኛ አልጠየቅንም፣ መጠየቅ እንደሚቻል አናውቅም ነበር።

"ሃርት አታክ" እያልኩ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ "የልብ ድካም" ሲባል እሰማለሁ። የልብ ድካም ግን ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ሲቀንስ ነው። ሃርት አታክ ቧንቧ ሲዘጋ ነው፣ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነገር ነው። ጋሼ ሁለቱንም አሳይቶናል፣ አንደኛው ሌላውን አመጣበት። ደረት ሲጫን፣ ላብ ሲያጠምቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ጨጓራ ነው ብላችሁ አትተኙ። በሴቶችና በስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ደረቱ ጨርሶ ላያም ይችላል።

ዘራችን ነው ብላችሁም እጃችሁን አትስጡ። በ2004 የወጣው የ52 አገሮች ጥናት የመጀመሪያውን ሃርት አታክ ስጋት በአብዛኛው የሚያስረዱት ሊለወጡ የሚችሉ 9 ነገሮች መሆናቸውን አሳይቷል። ሲጋራ፣ ኮሌስትሮል፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ቦርጭ፣ ጭንቀት ከነሱ ውስጥ ናቸው። በ2016 ደግሞ ከ55,000 በላይ ሰዎችን ያየ ጥናት በዘራቸው ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው እንኳ አኗኗራቸው ጤናማ ከሆነ ስጋታቸው በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አገኘ። የእኔ ቀዩ ወረቀት ላይ ስለነዚህ አንድ መስመር የለም። አባቴ ሲጋራ ያጨስ እንደነበር አልጠየቀኝም። አባቴ በ52 ዓመቱ በልቡ መሞቱንም አልጠየቀኝም። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት መታመማቸው ከዚያ አንድ ዘረ-መል ይልቅ ብዙ ይናገር ነበር። ይህን ለማወቅ ምራቅ አያስፈልግም፣ መጠየቅ ብቻ ነው።

አስፕሪን በፍርሃት የጀመራችሁም ካላችሁ፣ እንደ እኔ፣ ሐኪም አማክሩ። ሃርት አታክ ይዞት ለማያውቅ ሰው የመድማቱ ጉዳት ከጥቅሙ ሊበልጥ እንደሚችል በ2018 የወጡት ትላልቅ ጥናቶች አሳይተዋል። እኔ ነስር ሲያስቸግረኝ ነው ያቆምኩት።

ወደ እናንተ ወደ መመሪያ አውጪዎቹ ልመለስ። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስቴንት ገብቶለት ክሎፒዶግሬል የሚታዘዝለት ሰው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ይህ መድኃኒት ለአንዳንዶች እንደማይሠራ፣ ምርመራም እንዳለ፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ስጋቱ ከፍ ያለው ይመረመር። ውጤቱ በካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ እንዳይጠፋ። ክሎፒዶግሬልና ኦሜፕራዞል አብረው ሲታዘዙ ፋርማሲው ቆም ብሎ ይጠይቅ። በአንድ ዘረ-መል ብቻ "ከፍተኛ ስጋት" እያሉ ለሚሸጡት ደግሞ፣ ከ1996ቱ ጥናት ጎን የ1997ቱን እንዲጽፉ ግዴታ ይጣልባቸው።

ጋሼ አሁን ቲካግሬሎር ነው የሚወስደው፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ሁለት ልጆች አሉት። ሁለቱም የተበላሸው ቅጂ ቢያንስ አንድ አንድ እንዳላቸው እናውቃለን፣ እሱ ሌላ የሚያወርሰው የለውማ። ትልቋ 17 ዓመቷ ነው። ስሟንና የዘረ-መሉን ስም በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከክትባት ካርዷ ጋር አስቀምጫለሁ። ወረቀቱን ለሐኪም ስታሳይ "ይሄ ምንድን ነው?" እንዳትባል ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ታማሚ እህት